የጨጓራ ቀለበት ከታሰረ በኋላ፦ የክብደት መቀነስ ማስረጃውና ለአዋሽ ሸለቆ የሚያነሣው ጥያቄ

ከልክ ያለፈን ውፍረት በቀዶ ሕክምና ማከም ይቻላልን፣ ቢቻልስ ፍሬው ስንት ዘመን ይዘልቃል የሚለው ጥያቄ በሀገራችን ገና እንግዳ ቢመስልም፣ በዓለም የጥበበ ሕክምና ታሪክ ግን ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ብዙ ተስፋና ብዙ ቅሬታ የተፈራረቁበት ጥያቄ ነው። ከዚህ ሰፊ ጥያቄ አንዱን ዘርፍ፣ ይኸውም ሐኪሞች ባንድ ብለው የሚጠሩትንና በጨጓራ ዐናት ዙሪያ የሚታሰረውን የሲሊኮን ቀለበት ነጥሎ ከነታሪኩና ከነማስረጃው መመርመር የዚህ ሐተታ ዓላማ ነው። ቀለበቱን ለመምረጥ ያበቃን አንደኛው ምክንያት በታሪኩ ውስጥ ኢትዮጵያ የወለደችው አንድ ሐኪም ከፍ ያለ ስፍራ ስላለው ነው፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ግን የቀለበቱ ውጤት ከሌሎቹ የቀዶ ሕክምና ዐይነቶች ይልቅ በታማሚው መኖሪያ፣ ማለትም ከሐኪሙ ባለው ርቀት፣ በአየሩ ጠባይ፣ በሚበላውና በሚጾመው ነገር ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ስለዚህም በብራስልስ ወይም በሜልበርን አንድ መልስ ያገኘው ጥያቄ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ ሲጠየቅ ሌላ መልስ ሊሻ ይችላል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጥንተ ነገሩ

በ1954 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ክሬመንና ሊነር የተባሉ ሐኪሞች፣ ምግብ አብዛኛውን የቀጭን አንጀት ክፍል ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርግ የቀዶ ሕክምና መንገድ ገለጡ። ክብደቱ በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን ምግቡ ከሰውነት ጋር ሳይዋሐድ እያለፈ ጉበትንና ኵላሊትን የሚጎዳ ጠንቅ ስላስከተለ ውሎ አድሮ ተተወ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ኤድዋርድ ሜሰን በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጨጓራውን ከፍሎ ትንሹን ክፍል ከአንጀት ጋር በማገናኘት ዛሬ ባይፓስ ለሚባለው ሕክምና መሠረት ጣለ። ከእነዚህ ሁለት መንገዶች በኋላ የመጣው ሐሳብ ጨጓራንም አንጀትንም ሳይቈርጡ በላይኛው ክፍል ላይ ማሰር ብቻ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሞከሩት ቀለበቶች ግን ጥብቀታቸው አንድ ጊዜ ከተወሰነ የማይለወጥ ስለ ነበር፣ ለአንዱ ታማሚ ሲላላ ለሌላው ያንቅ ነበር።

ይህን ችግር የፈቱት በስዊድን ሃልበርግና ፎርሰል፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1986 ሉቦሚር ኩዝማክ ናቸው። በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚነፋ ፊኛ፣ ከፊኛው የሚወጣ ቀጭን ቱቦ፣ በቱቦው ጫፍ ደግሞ ከሆድ ቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ፖርት የሚባል የመርፌ መግቢያ ጨመሩ፤ በዚህ መግቢያ የጨው ውሃ ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብቃል፣ ሲቀዳም ይላላል። ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ ቀለበቱን ማሰር ነበር።

የኢትዮጵያዊው ድርሻ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ በቤልጅግ ሀገር በቀዶ ሕክምና የታወቀው ዶክተር ምትኩ በላቸው ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1993 በዊ ከተማ፣ ለካሜራ ቀዶ ሕክምና ተብሎ የተሠራውን ተስተካካይ ቀለበት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ አሰረ። ቀዳሚነቱን በጥንቃቄ መግለጥ ይገባል፤ ከአንድ ዓመት በፊት በ1992 ብሮድበንት በአውስትራልያ፣ ካዲየር ደግሞ በዚያው በቤልጅግ ቀለበት በካሜራ አስገብተው ነበርና። እነዚያ የተጠቀሙባቸው ቀለበቶች ግን ለሰፊ ቀዶ ሕክምና የታሰቡ ስለ ነበሩ፣ ዓለም የተከተለው የዊው መንገድ ሆነ፤ ከልዩ ልዩ አህጉር የመጡ ቀዳጆችም ሥልጠናውን የቀሰሙት ከዚያች ትንሽ ከተማ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ቀለበቱን በሰኔ 2001 ፈቀደ፤ በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥም በዚያች ሀገር ለውፍረት ከሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከሦስት አንዱን እጅ ያዘ። የሀገራችን አንባቢ ይህን ታሪክ በሚገባው ክብር ሊያውቀው ይገባል፤ ክብሩ ግን የሚከተለውን ማስረጃ በነጻ አእምሮ ከመመዘን ሊያግደን አይገባም።

ቀለበቱ የሚሠራበት ጠባይ

በመጀመሪያ ጊዜ የነበረው አስተያየት ቀላል ነበር፤ ከቀለበቱ በላይ የምትቀረው ትንሽ ከረጢት በጥቂት ጉርሻ ትሞላለች፣ የሞላችው ከረጢት ምግቡን ይዛ ስለምትቈይም ሰውየው ሌላ መብላት አይችልም የሚል ነው። በኋላ በሜልበርን ተመራማሪዎች የተደረገው ጥናት ግን ይህን አስተያየት አናወጠው፤ በደንብ በተስተካከለ ቀለበት ውስጥ ምግብ ከረጢቷ ውስጥ አይከማችም፤ በደንብ የታኘከች አንዲት ትንሽ ጉርሻ በጉሮሮ ቧንቧ ተደጋጋሚ ግፊት ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ቀስ ብላ ትሾልካለች፤ በምታልፍበትም ጊዜ የጨጓራውን ግድግዳ ነርቭ እየነካች ለአንጎል የጥጋብን ወሬ ታደርሳለች። ከዚህ ልዩነት የሚወጣው ተግባራዊ ፍርድ ትልቅ ነው። ቀለበቱ ምግብን በግድ የሚከለክል ዕንቅፋት ነው ብሎ የሚያምን ታማሚ፣ ያልቀነሰ ሲመስለው ይበልጥ እንዲጠብቅለት ይለምናል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ቀለበት ግን ሥጋና አትክልት ስለማያሳልፍ ወደ ማር፣ ወደ ለስላሳ መጠጥና ወደ አይስክሬም ይገፋዋል፣ በዚህም ምክንያት ሲያስታውክ እየዋለ ክብደት ይጨምራል። ቀለበቱ ረኃብን የሚያለዝብ መሣሪያ መሆኑን የተረዳ ታማሚ ግን ጉርሻውን አሳንሶ፣ አኝኮ፣ ታግሦ ይበላል።

ስለዚህ የቀለበቱ ሕክምና በቀዶ ሕክምናው ዕለት አይፈጸምም፤ ያን ዕለት ይጀመራል እንጂ። በገና ጅማቱ ቢወጠርለትም በየጊዜው ካልተቃኘ እንደማይደረደር ሁሉ፣ ቀለበቱም በመጀመሪያው ዓመት በየአራትና በየስድስት ሳምንቱ፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልክ እየታየ ውሃው ሊጨመርለት ወይም ሊቀነስለት ይገባል።

ክብደት ምን ያህል ይቀንሳል

የጥናቶቹን ቊጥር ከማንበብ በፊት ሁለት ዐይነት መለኪያ መኖሩን ማወቅ ያሻል፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው ሁለቱን በማደባለቅ ነውና። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 120 ኪሎ የሆነ ሰው ብንወስድ፣ ለቁመቱ የሚገባው ከፍተኛ ክብደት ወደ 72 ኪሎ ስለሆነ ትርፉ 48 ኪሎ ነው። ይህ ሰው 24 ኪሎ ቢቀንስ፣ አንዱ ጥናት የትርፉን 50 ከመቶ ቀነሰ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከመላ ክብደቱ 20 ከመቶ ቀነሰ ይላል። ነገሩ አንድ ሲሆን፣ ቊጥሩን ብቻ የሰማ ሰው ግን ሁለት የተለያየ ሕክምና ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ወር ስለሚኖረው የቀለበቱ ደኅንነት የቀረበው ማስረጃ እጅግ መልካም ነው። በ2009 በአሜሪካ በታተመውና ብዙ ሆስፒታሎችን ባስተባበረው ጥናት፣ ቀለበት ከታሰረላቸው 1198 ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የሞተ አልነበረም። የስኳር በሽታንም በተመለከተ ዲክሰንና ባልደረቦቹ በ2008 በአውስትራልያ ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው ከያዛቸው ቅርብ ጊዜ የሆኑ 60 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ሁለት ዓመት ከተከታተሉ በኋላ፣ ቀለበት ከታሰረላቸው 73 ከመቶው ከበሽታው ምልክት ነጻ ሲሆኑ፣ በተለመደው ሕክምና ከቈዩት ግን 13 ከመቶው ብቻ ነጻ ሆኑ።

ዘመኑ እየረዘመ ሲሄድ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በ1987 የተጀመረው ታላቁ የስዊድን ጥናት ከ15 ዓመት በኋላ ሲመዘን፣ ቀለበት የታሰረላቸው ከመላ ክብደታቸው በአማካይ 13 ከመቶ፣ ባይፓስ የተደረገላቸው 27 ከመቶ ቀንሰው ተገኙ። እርግጥ ነው፣ በዚያ ጥናት ከነበሩት ቀለበቶች ከፊሉ የማይስተካከለው ዐይነት ስለ ነበር፣ ፍርዱን በሙሉ በዛሬው ቀለበት ላይ መጫን አይገባም። ለዛሬው ቀለበት የሚመሰክሩትና የሚመሰክሩበት ሁለቱ ዐበይት ጥናቶች ግን ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው። ፖል ኦብራየንና ባልደረቦቹ በ2013 በሜልበርን የ3227 ሰዎችን መዝገብ መርምረው፣ እስከ 15 ዓመት የተከታተሏቸው ሰዎች የትርፍ ክብደታቸውን 47 ከመቶ እንደ ቀነሱ፣ ቀለበቱ ፈጽሞ የወጣላቸውም 5.6 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጡ። ሂምፐንስና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2011 በብራስልስ ከ1994 እስከ 1997 ቀለበት ካሰሩላቸው 151 ሰዎች 82ቱን ከ12 ዓመት በላይ ቈይተው ሲያገኟቸው፣ ከእነዚህ መካከል ቀለበቱ በስፍራው የቀረላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከመቶው 28ቱ ቀለበቱ የጨጓራቸውን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከመቶው 60ው እንደ ገና ለቀዶ ሕክምና ተዳርገዋል።

ሁለቱን ማስረጃዎች የሚያስታርቅ ነገር አለን? በእኛ አስተያየት የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የአስተሳሰር ጥበብ መሻሻል ነው፤ የብራስልሶቹ ታማሚዎች ሥራው ገና በተጀመረበት ዘመን የታከሙ ናቸውና። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን የክትትሉ ጥራት ነው። የሜልበርኑ ማእከል ታማሚዎቹን በመዝገብ ይዞ ለብዙ ዓመታት በየጊዜው እየጠራ ቀለበታቸውን ሲያስተካክል ኖሯል፤ እንደዚያም ሆኖ ከታማሚዎቹ 43 ከመቶው የማረሚያ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀውም በብራስልስ፣ ያ ሁሉ መከራ እያለ፣ ከተጠየቁት ታማሚዎች 60 ከመቶው በቀለበቱ ረክተናል ማለታቸው ነው፤ ይህም የሰው ልጅ ስለ ሰውነቱ የሚሰጠው ፍርድ በኪሎ ብቻ እንደማይለካ ያስረዳል።

በገበያው ላይ የተሰጠው ፍርድ ግን ጽኑ ነው። በአሜሪካ በ2011 ከመቶ 35 የነበረው የቀለበት ድርሻ ከዐሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። በ2017 በታተመ ጥናትም በመንግሥት መድን ቀለበት ካሰሩ 25042 አሜሪካውያን መካከል 18.5 ከመቶው ተመልሰው ለቀዶ ሕክምና እንደ ገቡ፣ እነዚህም በአማካይ ወደ አራት የሚጠጋ ጊዜ እንደ ታረሙ ታወቀ። በቅርቡ በ2025 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ሦስቱን መንገዶች በዕጣ አነጻጽሮ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የትርፍ ክብደታቸውን ግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሱት በባይፓስ 68 ከመቶ፣ ስሊቭ በሚባለው ጨጓራን ቈርጦ በማጥበብ 41 ከመቶ፣ በቀለበት 25 ከመቶ መሆናቸውን አስታወቀ።

ከቀለበት ጋር መኖር

የቀለበት ባለቤት የዕለት ኑሮ በትዕግሥትና በተዐቅቦ የተሞላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፣ ከወር ገደማ በኋላም በጥቂቱ ጠንካራ ምግብ ይፈቀድለታል። የክብደቱ መቀነስ ዝግተኛ ነው፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢቀንስ መልካም ይባላል፤ ከፍተኛው ደረጃም በባይፓስ እንደሚሆነው በአንድ ዓመት ተኵል ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዓመት ይደረሳል። ለማለፍ የሚያስቸግሩት ምግቦች ሊጥነት ያለው ትኩስ ዳቦ፣ ጅማታም ሥጋና በችኮላ የተዋጠ ነገር ሁሉ ናቸው፤ ስለዚህ ጥሬ ሥጋና ከአዋሽ እስከ ሎግያ በመንገዱ ዳር የሚቀርበው የፍየል ጥብስ በደቃቁ ካልተከተፉና ካልታኘኩ አስጨናቂ ይሆናሉ።

በአፋር ምድር ግን ከጠንካራው ምግብ ይልቅ ማሰብ የሚገባን ስለ ፈሳሹ ነው። ፈሳሽ የሆነ ነገር ቀለበቱን ሳይነካው ያልፋልና፣ ወተት የምግብ ሁሉ ራስ በሆነበት በአርብቶ አደሩ ሥርዐተ ምግብ ውስጥ ቀለበቱ ኀይሉን በእጅጉ ያጣል። የግመል ወተት ለጤናማው ሰው ያለውን በረከት ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በቀን ሊትሮችን የሚጠጣ የቀለበት ባለቤት የጥጋብን ስሜት ሳያገኝ ብዙ ኀይል ሰጪ ምግብ ይወስዳል። በከተሞቹ ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ፣ በተለይም ከጫት ጋር ሲወሰዱ፣ ያንኑ ጉዳት ያደርሳሉ። በሌላ በኩል ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በሰመራ ውሃ መጠጣት ግዴታ ነው፤ የቀለበት ባለቤት ግን ጥሙን በአንድ ትንፋሽ ሊቈርጥ አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መጎንጨት አለበት።

ከዚህ ላይ የጾም ነገር ይነሣል። በረመዳን ወር ውሃ የሚጠጣበት ጊዜ ከመግሪብ እስከ ንጋት ብቻ ስለሆነ፣ ቀስ ብሎ የመጠጣት ግዴታ ያለበት ሰው በዚያ ሙቀት የሚያስፈልገውን ሁሉ በሌሊቱ ውስጥ ለማድረስ ይቸገራል። በቀዶ ሕክምናው ማግስት ባሉት ወራት መጾም እንደማይገባ ሐኪሞች ይስማማሉ፣ ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ወራቱ ስንት ይሁኑ በሚለው ላይ ግን ሐኪሞቹ እስካሁን አልተስማሙም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጾም ችግሩ ሌላ ነው፤ ከሥጋና ከወተት በመከልከሉ ምክንያት ትንሽ የሚበላው ሰው በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ለማግኘት ምስርን፣ ሽምብራንና ባቄላን አስቦ መምረጥ ይኖርበታል፤ ቀጭን ሽሮ ብቻውን እንደ ፈሳሽ ስለሚያልፍ አያጠግበውም። ነፍሰ ጡር ሴትም ስታስታውክ ወይም ፅንሱ ሲያድግ ቀለበቷ ሊላላላት ይገባል።

ማኅበራዊው ነገርም ቀላል አይደለም። በሀገራችን ደንደን ያለ ሰውነት የጥጋብና የክብር ምልክት ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በድንገት የከሳ ሰው ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በኤችአይቪ ይጠረጠራል። ግብዣ ላይ ጉርሻ የመለሰ፣ እንጀራውን ገና ሩቡን በልቶ እጁን የታጠበ እንግዳ ባለቤቱን እንዳቃለለ ይቈጠርበታል። ምዕራባውያን የጻፏቸው የታማሚ መመሪያዎች ይህን ሁሉ አያውቁትም።

በአዋሽ ሸለቆ ጥያቄው የሚይዘው መልክ

ስለ ውፍረት ሕክምና በአፋር መናገር በራሱ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በክልሉ በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከሦስት አንዷ በላይ ከሚገባው በታች ቀጭን ናትና። በ2015 የተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናትም ከአዋቂው ሕዝብ ከመጠን በላይ ክብደት ያለው ከመቶ 6 ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ የሚታየው የሴቶች ውፍረት ከዚህ አማካይ ብዙ እጥፍ ነው፤ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ፣ በሰመራ መሥሪያ ቤቶችና በጅቡቲ መንገድ በሚመላለሱት ሾፌሮች ዘንድ ያለው፣ ተቀምጦ የመዋልና የተገዛ ምግብ የመብላት ኑሮም ወደዚያው የሚያመራ ነው። ረኃብና ውፍረት በአንድ ወረዳ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት መገኘታቸው የዘመናችን እውነት ነው፤ ለአንዱ ማሰብ ሌላውን መርሳት ሊሆን አይገባም።

ከዚህ በፊት ግን መለኪያው ራሱ መመርመር አለበት። ቀዶ ሕክምና ለማን ይገባል የሚለው ፍርድ ክብደትን ለቁመት ካሬ በማካፈል በሚገኘው ምጣኔ ላይ የቆመ ነው፤ በ1991 የአሜሪካ ጠበብት ወሰኑን 40፣ ተጓዳኝ በሽታ ካለም 35 አድርገውት ነበር፣ በ2022 ወደ 35ና ወደ 30 ዝቅ ብሏል። በ2009 በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት ግን የአርብቶ አደር ልጆች እግራቸው ከገበሬ ልጆች የረዘመ በመሆኑ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ የተሳሳተ ፍርድ ሊሰጥባቸው እንደሚችል አሳይቷል። በሕፃናት የታየው ለአዋቂዎችም ቢሠራ፣ በአፋር ሰው ላይ ምጣኔው ቅጥነቱን ሊያጋንን፣ የሆድ ስቡን ደግሞ ሊሰውር ይችላል፤ ስለዚህ የወገብ ዙሪያን መለካት ሳይሻል አይቀርም። ስኳር በሽታም ሁሉ ከውፍረት የመጣ አይደለም፤ የጎንደር ሐኪሞች በድሃ ገጠሬዎች ዘንድ ያገኙት፣ ከስቶ ኢንሱሊን የሚፈልገው ዐይነት በሽታ ከቀለበት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ዋናው ጥያቄ ግን የርቀት ጥያቄ ነው። ሰመራ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ አዋሽ እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። በየስድስት ሳምንቱ ቀለበቱን ለማስተካከል ይህን መንገድ መመላለስ ለነጋዴው አድካሚ፣ ለመንግሥት ሠራተኛው ከባድ፣ ለአርብቶ አደሩ ከቶ የማይቻል ነው፤ ቀለበቱን በቱርክ ወይም በህንድ አስሮ የተመለሰ ሰውማ የቀዳጁን መዝገብ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ድንገተኛው አደጋ ነው፤ ጨጓራው ከቀለበቱ በታች ወደ ላይ ሲንሸራተት ምራቅ እንኳ የማያልፍበት ማስታወክና ጽኑ ሕመም ይመጣል፤ ውሃው ወዲያው ካልተቀዳና ሕመሙ ካልቀለለ የጨጓራው ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያስታወከ ሰው ደግሞ ቲያሚን የሚባለው ቫይታሚን ስለሚያልቅበት፣ ቲያሚን ሳይሰጡት በግሉኮስ ብቻ ማከም አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ውሃውን መቅዳትና ቲያሚን መስጠት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ዕውቀት ብቻ ነው።

የዛሬው ክርክርና የኛ አስተያየት

ዛሬ ክርክሩ በቀለበትና በባይፓስ መካከል ብቻ አይደለም። ማስተካከያ የማይሻው ስሊቭ በዓለም ላይ የበላይነቱን ይዟል፤ ነገር ግን የተቈረጠ ጨጓራ አይመለስም፣ ቫይታሚንና የደም ምርመራም ዕድሜ ልክ ይሻል። በ2021 በአሜሪካ ለውፍረት የተፈቀደው ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ በአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ወደ 15 ከመቶ ክብደት ይቀንሳል፤ ካቋረጡት ግን ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ከመከፈቱ በፊት በማቀዝቀዣ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት መሆኑም በሰመራ ሙቀት ቀላል ነገር አይደለም። ቀለበቱን የሚደግፉት ጥቂት ሐኪሞች የሚያነሡት ምክንያት፣ ማለትም ምንም ነገር የማይቈረጥበትና ሊወጣ የሚችል መሆኑ፣ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ምክንያቱ ሙሉ የሚሆነው አስተካካይ ሐኪም በቅርብ ባለበት ስፍራ ብቻ ነው።

ስለዚህ በአዋሽ ሸለቆ ለሚኖር ሰው አዲስ ቀለበት ማሰር ዛሬ ባለው ሁኔታ የሚመከር አይደለም ብለን እናምናለን። ቀለበቱን አስቀድሞ ያሰረ ሰው ግን በዚህ ፍርድ ሊተው አይገባውም። የዱብቲ ሆስፒታል፣ የሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራንና የክልሉ ጤና ቢሮ ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን፤ ለፖርቱ የሚሆነውን ልዩ መርፌ በድንገተኛ ክፍል እንዲያኖሩ፣ ውሃውን መቅዳት የሚችሉ ሁለት ሦስት ሐኪሞችን እንዲያሠለጥኑ፣ የሚያስታውክ የቀለበት ባለቤት ሲመጣም ከግሉኮስ በፊት ቲያሚን እንዲሰጠው በጽሑፍ እንዲያዝዙ። ቀለበት ያለህ አንባቢ ሆይ፣ የቀለበትህን ዐይነትና በውስጡ ያለውን የውሃ መጠን በወረቀት አጽፈህ ከመታወቂያህ ጋር ያዝ፤ ምራቅህን መዋጥ ባቃተህ ሰዓትም እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂድ።